ቆሎና ካርቡሬተር

ሞተሩ ሲንተፋተፍ መጀመሪያ ዞር ብዬ ያየሁት የጋሼን ግራ እጅ ነው። ልማድ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ በነበሩኝ አሥራ አራት የበረራ ሰዓታት ሞተር ሲሞትብኝ ገዳይዋ ሁልጊዜ ያቺ እጅ ነበረች። ራዲዮ ላይ ምን ልበል ብዬ ስጨነቅ፣ ወይ በመስኮት የፈረስ ግቢዎቹን ሳይ፣ ሳትታይ ትመጣና ስሮትሉን ወደ ኋላ ሳብ ታደርገዋለች። ድምፁ እልም ይላል። ከዚያ ጋሼ፣ ገበያ መንገድ ላይ ያገኙኝ ይመስል፣ ረጋ ብለው «ሞተርሽ ሞተ። እህስ?» ይሉኛል።

የዚያን ቀን ግን ግራ እጃቸው የቆሎ ላስቲክ ውስጥ ነበረች።

ነገሩ ከሆነ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ነርስ ነኝ፣ የምኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የማታ ፈረቃ እሠራለሁ። በረራ ለምን ተማርሽ ለሚለኝ ሰው አጭሩ መልስ «ቦሌ አካባቢ ነው ያደግኩት» የሚል ነው። ረጅሙን ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ። አስተማሪዬን ጋሼ ብዬ የማልፋቸው ስማቸው እንዲጻፍ እንደማይወዱ ስለማውቅ ነው። የድሮ አየር ኃይል ሰው ናቸው። ደብረ ዘይት (ቢሾፍቱ ብትሏቸው አይሰሟችሁም) ሳፊር በምትባል የስዊድን መለማመጃ አውሮፕላን ነው የጀመሩት። አሜሪካ ከመጡ በኋላ ፓርኪንግ ሠርተዋል፣ ታክሲ ነድተዋል፣ ልጆች አሳድገዋል። ሁሉም ሰው ጡረታ ሲወጣ እሳቸው የማስተማር ፈቃድ አውጥተው ተመልሰው ሰማይ ወጡ። ከሌላው ተማሪ ቀንሰው ነው የሚያስከፍሉኝ። ልዩነቱን በስድብ ያወራርዱታል።

አውሮፕላኗ ሴስና 150 ነበረች፣ የ1976 ሥሪት። ዕድሜዋ ከእኔ ይበልጣል። ሁለት ወንበር፣ 100 የፈረስ ጉልበት ያለው ኮንቲኔንታል ሞተር፣ በቃ። ሁለት ሰው ሲገባባት በሩ የሚዘጋው ትከሻ ሰብሰብ ተደርጎ ነው። የጋሼ ክርን ሁልጊዜ ጎኔ ላይ ነው። ፊያት 600 ላይ ክንፍ ቢገጥሙበት እንዲህ የሚሆን ይመስለኛል።

ዳሽቦርዷ መሀል ላይ እየተሳቡና እየተገፉ የሚሠሩ ቁልፎች አሉ። አንዱ ስሮትሉ ነው፤ ሲገፉት ኃይል ይጨምራል። ከጎኑ ያለው ደግሞ የካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቀሉበት ክፍል) ማሞቂያው ነው፤ ሳብ ሲያደርጉት ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ሙቅ ይሆናል። ይህን ሁለተኛውን ለማረፍ ስንዘጋጅ ስለተባልኩ እስበዋለሁ፣ ስለተባልኩ እመልሰዋለሁ። ለምን እንደሆነ ለጽሑፍ ፈተናው አጥንቼዋለሁ። መልሱንም አግኝቻለሁ። ግን ከወረቀቱ ወደ እጄ አልወረደም ነበር።

ጥቅምት ነው። በጥቅምት አንድ አጥንት የሚያሰኘው ብርድ ቨርጂኒያም አለ። ጠዋት ጭጋግ ነበር፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ገለጥ አለ። የአየሩን ሁኔታ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ሙቀቱ 13 ዲግሪ፣ የጤዛ ነጥቡ 11። የጤዛ ነጥብ ማለት አየሩ የያዘውን እርጥበት መሸከም አቅቶት ውሃ መጣል የሚጀምርበት ሙቀት ነው።

«ልዩነቱ ስንት ነው?» አሉኝ።

«ሁለት።»

«ምን ማለት ነው?»

«ጭጋጉ ሊመለስ ይችላል።»

«ሌላስ?»

ሌላ አልመጣልኝም። ዝም አልኩ። እሳቸውም ዝም አሉና የአውሮፕላኗን ጎማ በጫማቸው መታ መታ አድርገው ገቡ። ያኔ እንደናቁኝ ነው የተሰማኝ። አሁን ሳስበው ጥያቄውን ክፍት ትተውት መግባታቸው ነበር።

ልምምዳችን ሁልጊዜ ወደ ምዕራብ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ እስከ 30 ኖቲካል ማይል ድረስ ሰማዩ የራሱ ልዩ ሕግ ስላለው ጀማሪ ሰው እዚያ ውስጥ መንቀዥቀዥ የለበትም። ስለዚህ ወደ ብሉ ሪጅ ተራሮች አቅጣጫ፣ የፈረስ እርባታና የድርቆሽ ማሳ ወደሚበዛበት አገር። 3,000 ጫማ ላይ ቀጥ አድርጌ ያዝኳት። አርፒኤሙን 2,500 ላይ አስቀመጥኩት። ፕሮፔለሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር የሚናገረው ቁጥር ነው። በእንደነዚህ ዓይነት ትናንሽ አውሮፕላኖች ላይ የሞተሩ ጤንነት መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

ትንሽ ቆይቼ ሳየው 2,450 ሆኗል። ሳላውቅ ነክቼው ይሆናል አልኩና ስሮትሉን ገፋ አደረግኩት። 2,500። እንደገና ትንሽ ቆይቶ 2,400። የስሮትሉ ማጥበቂያ ላልቶ ይሆናል፣ አሮጊት አይደለች እንዴ? ገፋ። ሦስተኛ ጊዜ ደግሞ ከፍታዬ 60 ጫማ ያህል ወርዶ አገኘሁት። አፍንጫዋን ቀና አደረግኩ፣ ስሮትሉንም ጨመርኩ፣ ከፍታው ተመለሰ፣ ፍጥነቱ ግን ከ90 ኖት ወደ 80 ወረደ። ለእሱም መልስ ነበረኝ። ወደ ተራራው እየቀረብን ስለሆነ ቁልቁል የሚገፋ ነፋስ ይሆናል። እንግዲህ ተመልከቱ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ለአንድ በሽታ ሦስት ሰበብ አወጣሁለት። ደግሞ የሚያሳዝነው ሦስቱም ደህና ሰበብ ነበሩ። ሦስቱም አንድ ቀን በሌላ በረራ ላይ እውነት ሊሆኑ ይችላሉ።

በመጨረሻ ያባነነኝ ክንዴ ነው። ስሮትሉ ዳሽቦርዱ ድረስ ገብቶ አልቋል። የሚገፋ ነገር የለም። አርፒኤሙ 2,200 ነው።

ወዲያው መንተፋተፉ መጣ። ድምፁ ዳገቱን በአራተኛ ማርሽ ልወጣ ያለ ላዳ ታክሲ ነው። እኔ እንግዲህ ወደ ግራ እጃቸው ዞርኩ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ቆሎ እየበላሁ ነው» አሉና ላስቲኩን ከፍ አድርገው አሳዩኝ። ከዚያ በዚያችው በተለመደችው ድምፅ፣ «እህስ?»

ያቺን ቃል ብዙ ጊዜ ስለሰማኋት እጄ ከእኔ ቀድሞ ተነሳ። አፍንጫዋን ዝቅ። ፍጥነት 60 ኖት። ይቺ አውሮፕላን ሞተሯ ሲደክም ሩቅ የምትንሸራተተው በዚህ ፍጥነት ነው። ከዚያ ቢያንስም ቢበዛም የምትሄደው ርቀት ያጥራል። ቀጥሎ ሜዳ። ሞተሩ ጨርሶ ቢቆም እንኳ በየ1,000 ጫማው ከፍታ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ወደፊት መሄድ ይቻላል። ከእኛ በታች 2,500 ጫማ ያህል ባዶ አየር ነበረ። ሲሰላ ብዙ ነው። ሲያዩት ትንሽ ነው።

«የቱ ነው ሜዳሽ?»

«ያ፣ ድርቆሽ የተጠቀለለበት።»

«ጥቅሎቹ እያንዳንዳቸው የመኪና ያህላሉ። ልትጋጪያቸው ነው?»

«እሺ ከጎኑ ያለው፣ ነጭ አጥር ያለው።»

«ነፋሱስ ከየት ነው?»

«ከፊት።»

«ቀጥዪ።»

ቀጠልኩ። የነዳጁ መዝጊያ ክፍት ነው። ሚክስቸሩ (የነዳጅና የአየር ድብልቁን የሚመጥነው ቁልፍ) ሙሉ ነው። ከዚያ እጄ ያቺን ቁልፍ አገኘቻት። ማሞቂያውን ሳብ አደረግኩት።

ባሰበት።

አውሮፕላኗ በሙሉ ተንቀጠቀጠች። የበሩ መስታወት ተንጫጫ። የጋሼ ቆሎ ከጉልበታቸው ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተበተነ። አርፒኤሙ 1,700 ገባ። እጄ ሳላዛት ቁልፉን ልትመልሰው ሄደች፤ በምን አእምሮ ነው እያባሰ ያለ ነገር ይዤ የምቆየው? ጋሼ መዳፋቸውን እጄ ላይ ጭነው ያዙት። የቆሎው ጨው ይሻክር ነበር።

«አትመልሺው። ኮሶ ነው። ይጨርስ።»

ኮሶ የጠጣ ሰው ያየ ይህን ዓረፍተ ነገር ማስረዳት አያስፈልገውም። አያቴ በየሁለት ወሩ ትጠጣ ነበር። ከጠጣች በኋላ ለግማሽ ቀን የምትሞት ነው የሚመስለው፣ ማንም ግን ሐኪም አይጠራም። ሁሉም ሰው ምን እየሆነ እንደሆነ ያውቃል። ሞተሩም ውስጥ እየሆነ ያለው ይኸው ነበር። በረዶ እየቀለጠ ነው፣ የቀለጠው ውሃ በሞተሩ በኩል እያለፈ ነው፣ ውሃ የጠጣ ሞተር ደግሞ ያስለዋል። ይህን ሁሉ አሁን ተቀምጬ ነው የምጽፈው እንጂ ያኔ በጭንቅላቴ የነበረው ነጩ አጥርና የጋሼ መዳፍ ብቻ ነው።

ስንት ሰከንድ እንደቆየ ብትጠይቁኝ መንፈቅ ነው የምላችሁ። 1,900 ጫማ ላይ ሞተሩ አንዴ አሳለ። ደግሞ አሳለ። ከዚያ ልክ የተዘጋ ጆሮ ቧ ብሎ እንደሚከፈት ድምፁ ሞላ። 2,000። 2,200። 2,350። ጋሼ እጃቸውን ከእጄ ላይ አነሱና ጎንበስ ብለው ወለሉን አዩ።

«ቆሎዬን ጨረስሽው» አሉኝ።

ጥቅምት ላይ፣ 13 ዲግሪ ሙቀት ባለበት አየር ውስጥ በረዶ ከየት መጣ? ይህ ጥያቄ ለብዙ ቀን ያስጠላኝ ነበር፤ ምክንያቱም መልሱን ከማንም በላይ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። መርፌ ከመውጋቴ በፊት የታካሚውን ክንድ በአልኮል ስጠርገው «ኡፍ፣ ይቀዘቅዛል» ይሉኛል። አልኮሉ በራሱ ቀዝቃዛ አይደለም። ሲተን ከቆዳው ሙቀት ነጥቆ ነው የሚሄደው። ካርቡሬተር ውስጥም ቤንዚኑ ሲተን ከአየሩ ሙቀት ይነጥቃል። በዚያ ላይ አየሩ በጠባቡ ጉሮሮ ሲያልፍ ግፊቱ ይወርዳል፣ ያም የራሱን ቅዝቃዜ ይጨምራል። ሁለቱ ሲደመሩ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ሊወርድ ይችላል። እንግዲህ 13 ላይ 30 ቀንሱ። አየሩ ደግሞ እርጥብ ከሆነ፣ ልዩነቱ ሁለት ዲግሪ ብቻ ከሆነ፣ ውሃው ጉሮሮው ላይ ይጋገራል። ጉሮሮው ሲጠብ ሞተሩ መተንፈስ ያቅተዋል። የሚፈራው የክረምቱ ደረቅ ውርጭ ሳይሆን እንዲህ ያለው ለሽርሽር የሚጋብዝ እርጥብ ጠዋት ነው። በዓይን የሚታይ ደመና እንኳ አያስፈልገውም።

ይልቅ እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነገር ነው። ማሞቂያው ሙቀቱን የሚያመጣው ከሞተሩ ከራሱ ነው። አየሩ በጭስ ማውጫው ቱቦ ዙሪያ ዞሮ፣ ሞቆ ነው ወደ ካርቡሬተሩ የሚገባው። ሌላ ምድጃ የለውም። ስለዚህ ሞተሩ እስኪቆም ከጠበቅሽ ቱቦው ይቀዘቅዛል፣ የምትስቢው ሙቀት አይኖርም። መድኃኒቱ የሚገኘው ከበሽተኛው ትንፋሽ ነው። እኔ ስሮትሉን እየገፋሁ ያባከንኳት እያንዳንዷ ደቂቃ ከዚያ ትንፋሽ ላይ የተቀነሰች ናት።

ሜዳው አልናፈቀንም፣ ተመለስን። ማሞቂያውን አልመለስኩትም፣ ጋሼም መልሺው አላሉኝም። ከፍታችንን ሳንለቅ ማኮብኮቢያው በላይ ደርሰን ዞረን አረፍን። ከዚያ በፊት ካረፍኳቸው ሁሉ የተሻለ ማረፍ ነበር። ያየው ሰው የለም።

መካኒኩ ሞተሩን ከፈተ። ነዳጁን ቀድቶ አየ፣ ሻማዎቹን ፈታ፣ ለሻማዎቹ እሳት የሚሰጡትን ማግኔቶዎች ሞከረ፣ ካርቡሬተሩን አየ። ምንም። አስነስቶ ሞከራት፣ እንደ ሰዓት ትሠራለች። የካርቡሬተር በረዶ እንዲህ ነው። ሌባው ማስረጃውን ይዞ ይቀልጣል። የአውሮፕላኗ መዝገብ ላይ «ተመርምሯል፣ ችግር አልተገኘም» ተብሎ ተጻፈ። ለሰዓቱ ሙሉ ሂሳብ ከፈልኩ። ሞተሩ እያሳለ የቆየበትም ተቆጥሮ።

ከሃንጋሩ ውጭ አግዳሚ ወንበር አለ። እዚያ ተቀምጠን ቡና ስንጠጣ ነው ጋሼ የነገሩኝ።

«ከ2,400 ጀምሮ አይቼዋለሁ።»

«ምኑን?»

«አርፒኤሙን። መቼ ታየዋለች ብዬ ስጠብቅሽ ነበር።»

ደሜ ፈላ። እውነቴን ነው፣ ለታላቅ ሰው እንደዚያ ተናግሬ አላውቅም። «አብረን ልንሞት እኮ ነበር! እርስዎ ቆሎ ይበላሉ!» አልኳቸው። አልመለሱልኝም። ቡናቸውን ጨረሱ። ከዚያ «አንድ ደቂቃ ያህል አብዝቻለሁ፣ እሱስ እውነትሽን ነው» አሉ። እንደ እሳቸው ካለ ሰው ይህ ሰፊ ይቅርታ ነው። እስከዛሬ ግን ሙሉ በሙሉ አልተስማማንም። እኔ አሁንም ትንሽ ቆይተዋል ነው የምለው። ከፍታ ነበረን፣ ሜዳ ነበረን፣ ሁሉንም ቆጥረውት ነበር፣ እሺ። ግን ኮሶው ባይሠራስ?

ንዴቱ ሲበርድልኝ የቀረው ነገር እሳቸውን አይመለከትም። ሆስፒታል ውስጥ አዲስ ነርሶችን ሳሠለጥን ደጋግሜ የምነግራቸው አንድ ነገር አለ። ታካሚው ኦክስጅን ላይ ነው እንበል፣ በደቂቃ ሁለት ሊትር። የደሙ ኦክስጅን 95 ነው። ትንሽ ቆይቶ 92 ይሆናል። ነርሷ ወደ ሦስት ሊትር ታሳድገዋለች፣ ቁጥሩ 95 ይመለሳል፣ ደስ ይላታል። ከሰዓት በኋላ አራት ሊትር። ማታ ስድስት። ሰንጠረዡ ላይ ቀኑን ሙሉ 95 ነው የሚነበበው፣ ሰውዬው ግን ቀኑን ሙሉ እየሰመጠ ነው። «ቁጥሩን አትዪ፣ ቁጥሩን ለማቆየት ስንት እየከፈልሽ እንደሆነ እዪ» እላቸዋለሁ። በዚህ ነገር የተቆጣኋት ልጅ አለች፣ አልቅሳለች። እኔ ራሴ ደግሞ 3,000 ጫማ ላይ ተቀምጬ አርፒኤሙን በስሮትል እያቆየሁ ነበር።

ፊልም ላይ ሞተር ሲሞት ይፈነዳል፣ ጭስ ይወጣል፣ ቀይ መብራት ይበራል። እንደዚያ የሚሆንበትም አለ። መስከረም 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሳው ቦይንግ 737 ሲነሳ ርግቦች ሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ገቡበት፤ ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። እዚያ ላይ ሞተሩ ደህና ነው ወይስ አይደለም ብሎ የሚከራከር አልነበረም። የትንሿ አውሮፕላን አመል ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ይቀንሳል። ትንሽ ይመለሳል። ደግሞ ይቀንሳል። የአውስትራሊያ የትራንስፖርት ደህንነት ቢሮ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2000 እስከ 2010 የተመዘገበለትን ቆጥሮ ነበር። ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላኖች ከመሬት ከተነሱ በኋላ ኃይላቸው በከፊል የቀነሰባቸው ክስተቶች 242 ናቸው፤ ዘጠኙ ላይ ሰው ሞቷል። ሞተሩ ከመጀመሪያው ጨርሶ ከቆመባቸው መካከል ግን ሰው የሞተበት አንድም የለም። ቁጥሩን ሳየው መጀመሪያ የተገለበጠ መስሎኝ ነበር። ኋላ ላይ ነጩ አጥር ትዝ ሲለኝ ገባኝ። የሞተ ሞተር ይወስንልሻል። ምርጫ ስለሌለሽ አፍንጫውን ዝቅ አድርገሽ ፊት ለፊት ወዳለው ሜዳ ትሄጃለሽ። ግማሹ የሞተ ግን ያደራድርሻል። «እስኪ ትንሽ፣ እስኪ ማኮብኮቢያው ድረስ» ያሰኝሻል። ዞረሽ ልመለስ ስትይ ፍጥነቱ ያልቃል፣ ክንፉ መሸከም ያቆማል፣ ከዚያ ዝቅታ ላይ የሚመለስ ነገር የለም።

ለእናቴ መንገር አልነበረብኝም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስደውልላት አፌ አመለጠኝ፣ «ሞተሩ ትንሽ አስቸግሮን» አልኩ።

«ሞተሩ ምን?»

«ደህና ነው እማዬ፣ ተመለሰ።»

«አንቺ ልጅ፣ እንደ አባትሽ ቮልስ ዳር ይዘሽ አትቆሚ ነገር!»

የአባቴ ቮልስ የእንጦጦን ዳገት ግማሽ ሲደርስ ይደክመው ነበር። አባቴ ጥግ ያስይዘውና ከኋላ ክዳኑን ከፍቶ አጠገቡ ቆሞ ያያል። አይነካውም፣ ያየዋል ብቻ። እኛ ልጆች ወርደን ብርቱካን እንበላለን። ትንሽ ቆይቶ ይነሳል። ለእኔ የሞተር መበላሸት ማለት የብርቱካን ሽታ ነበረ።

እናቴ ግን ሌላ ነገር ነው የታያት። «ኮሞሮስን ረሳሽው?» አለችኝ። የእኛ አገር ሰው በአየር ላይ ሞተር ቆመ ሲሉት የሚመጣለት ያ ነው፤ ኅዳር 1989 ዓ.ም.፣ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲሄድ የተጠለፈው ቦይንግ 767፣ ነዳጁ አልቆ ሁለቱም ሞተሮች የቆሙበት። እኔም ላጽናናት ብዬ ስለ ካፒቴን ልዑል አባተ ነገርኳት። ያን የሚያህል አውሮፕላን ያለ ሞተር አንሸራተው፣ ጠላፊዎቹ እየታገሏቸው፣ ባህር ዳርቻው አጠገብ ውሃው ላይ አወረዱት። አየሽ፣ አውሮፕላን ሞተሩ ሲቆም እንደ ድንጋይ አይወድቅም፣ ክንፉ አለ፣ ሰው የተረፈውም ለዚህ ነው አልኳት።

«ስንት ሰው ተረፈ?»

«50።»

«ከስንት?»

ዝም አልኩ። «ከስንት ነው ያልኩሽ?»

«ከ175።»

ስልኩ ላይ የጎረቤት ዶሮ ሲጮህ ይሰማኛል። ከዚያ ለጋሼ ሰላምታ አቅርቢልኝ አለችና ዘጋችው። እስከዛሬ ምን ለማለት እንደፈለገች አልገባኝም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። እውነት ለመናገር ሁለቱን ቀጠሮ በፈረቃ አሳብቤ ሰርዤ ነበር። ሙቀቱ 9፣ የጤዛ ነጥቡ 8።

«ልዩነቱ አንድ» አልኩ ሳልጠየቅ።

«እህስ?»

«ካርቡሬተር። ከተነሳን በኋላ በየአምስት ደቂቃው ማሞቂያውን ስቤ አያለሁ። አርፒኤሙ ወርዶ እዚያው ከቆየ በረዶ የለም። ወርዶ፣ አስሎ፣ ከዚያ ከነበረበት በላይ ከወጣ ነበረ ማለት ነው።»

ጋሼ ጎማዋን በጫማቸው መታ መታ አደረጉ። ዳሽቦርዱ ላይ መካኒኩ በወፍራም ማርከር «ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው» ብሎ በእንግሊዝኛ ለጥፏል። እንዳላዩ ሆኑ።

ገብቼ ወንበሬን ወደፊት ሳብ ሳደርገው ቀጭ ብሎ አልያዘም። ወንበሩ በሁለት ሐዲድ ላይ ነው የሚሄደው፣ ሐዲዱ ላይ ቀዳዳዎች አሉ፣ ብረቷ ቀዳዳው ውስጥ ካልገባች ስትነሺ ወንበሩ ከነአንቺ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። መሪው ደግሞ በእጅሽ ነው። በዚህ ምክንያት ሰው ሞቷል። ጎንበስ ብዬ በስልኬ መብራት አየሁ። ሦስተኛዋ ቀዳዳ ውስጥ የሆነ ነገር ተሰንቅሯል። ከፀጉሬ መያዣ ነቅዬ ቆፈር ቆፈር ሳደርገው ወጣ። አንዲት የገብስ ፍሬ፣ በደንብ የተቆላች።

መዳፌ ላይ አድርጌ ለጋሼ ዘረጋሁላቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋት፣ በሁለት ጣታቸው አነሷትና ኪሳቸው ከተቷት።

«ይቺን ለእናትሽ እንዳትነግሪያት» አሉኝ።